የካርቶን ጎጆዎችና የእውነት ልክ

የአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ክብደት በመጠኑ አይለካም። ይሁንና ለአምሳያ ባቡር መስመር በእጅ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ከሥነ ጥበብ ሚዛን ላይ ወጥተው የሚያውቁት እምብዛም ነው። ተመልካች ሁሉ «የልጅ መጫወቻ» ብሎ ያልፋቸዋል። በእንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድሺር፣ ሎንግ ዊተንሃም በተባለች መንደር የሚገኘው የፔንደን ሙዚየም ግን ይህን ፍርድ እንደገና መመርመር ግድ እንዲሆን ያደርጋል።

የሙዚየሙ መሥራች ሮይ ኢንግላንድ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። መጀመሪያ የማረከው ባቡሩ ነው። ነገር ግን በስዊንደን አጠገብ በተንጣለለው የኋይት ሆርስ ሸለቆ ሲዘዋወር፣ ለዘመናት የቆዩት የሣር ክዳኖች በፋብሪካ ውጤት ሲተኩና አሮጌ ጎጆዎች አንድ በአንድ ሲፈርሱ ተመለከተ። ሰው የአገሩን ገጽታ እየለመደው ስለሚሄድ፣ ጥፋቱን ቀድሞ ያየው እንግዳው ዓይን ነበር። በመሆኑም ቤቶቹን ለክቶና መዝግቦ በአምሳያ ለማቆየት ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1954ም ሙዚየሙ ተመሠረተ።

የሥራው ልክ አንድ ለ76 ነው። ይኸውም 9 ሜትር የሚረዝም ጎጆ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአንድ ጡብ ከፍታም ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል ማለት ነው። ግድግዳው ከወፍራም ወረቀት ይቆረጣል፤ የጡቡ መጋጠሚያ ይጫራል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ጡብ በውሃ ቀለም ለየብቻው ይቀባል። በአንድ ግድግዳ ላይ ያሉ ጡቦች አንድ ዓይነት ቀይ አይደሉምና፣ አንዱ ወደ ቡኒ፣ ሌላው ወደ ብርቱካን ያደላል። ሣሩ የቧንቧ ሠራተኛ መጋጠሚያ የሚያጠብቅበት ቃጫ ነው። ከዚህም በላይ ለትልቁ ቤት የሚስማማው ደማቅ ቀለም ለትንሹ አይስማማም። ሩቅ ያለ ነገር ለዓይን ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ፣ አምሳያውም በርቀቱ ልክ መደብዘዝ አለበት። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአናጢ ብሂል እዚህ ላይ የሥነ ጥበብ ሕግ ሆኗል።

በዚያው ሙዚየም ውስጥ ሌላ ሥራ አለ፤ የጆን አኸርን «ማደር ቫሊ» ነው። አኸርን ስለ ትንንሽ ሕንፃዎች አሠራር መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። እርሱም የእውነተኛ ቤቶችን መልክ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከየስፍራው ሰብስቦ በምናብ በፈጠረው አገር ውስጥ ያኖራቸዋል። የመጀመሪያውን በምስክር ብንመስለው፣ ሁለተኛው ተራኪ ነው። የአኸርን ቤቶች በዝርዝር ሥራ ከፔንደን ጎጆዎች አይስተካከሉም፤ ሆኖም መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ለማወቅ ተመልካቹን ያጓጓሉ። የፔንደን ቤቶች በአንጻሩ ዓይንን ያስቆማሉ፤ ተመልካቹ ከአንዲት መስኮት ፊት ቆሞ ይቀራል።

የፔንደን ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የተቀረጸው ዘመን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለው ነው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ እርሻ በዋጋ ውድቀት ተመትቶ ነበር። ከገጠሩ ጎጆዎች ብዙዎቹ የቧንቧ ውሃም ሆነ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። ቤቱ የአሠሪው ንብረት በሆነበት ስፍራ ደግሞ የእርሻ ሠራተኛው ሥራውን ሲያጣ ጣራውንም ያጣ ነበር። አምሳያው የጣራውን ቅርጽ በታማኝነት ሲያቀርብ፣ በጣራው ሥር ስላለው እርጥበትና ሥጋት ግን ብዙ አይናገርም።  የቅርጽ እውነት በራሱ የኑሮ እውነት ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ሥራው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የጎበጠው ግድግዳና የተጣፈው ክዳን ሳይታረሙ፣ ሳይዋቡ እንደነበሩ ተቀርጸዋል። የዚያ ሸለቆ ግንበኛና ክዳን ሠሪ ስማቸው በታሪክ ባይጻፍም፣ የእጃቸው አሠራር በወረቀትና በቃጫ ተመዝግቧል። ሙሾ ብቻ ከመደርደር ይልቅ ሜትር ይዞ መለካት ታላቅ የፍቅር መግለጫ ነው። የጎደለውን ኑሮ መሙላት የተራኪው፣ የታሪክ ጸሐፊውና የመምህሩ ድርሻ ይሆናል።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ የለገሃር ጣቢያም በ1929 ተሠርቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ አሮጌው መስመር የትዝታ ቤት ሆኗል። የጣቢያዎቹን በርና መስኮት፣ በየመስመሩ ዳር የተሠሩትን ቤቶች ለመለካት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ካርቶን፣ ምላጭ፣ ሙጫና ቃጫ በየትምህርት ቤቱ ይገኛሉ። የመድረክ ንድፍ ባለሙያውም አምሳያ መሥራትን ያውቅበታል። ተማሪዎች ሲለኩ፣ በቤቱ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር፣ ውሃውን ማን ይቀዳ፣ ኪራዩን ማን ይከፍል እንደነበር አብረው ይጠይቁ። ያን ጊዜ ፔንደን በግማሽ የተወው ሥራ ይሟላል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚለካው ትዝታ ብቻ ነውና፣ ሜትሩ የሚዘረጋው ቤቱ ቆሞ ሳለ መሆን ይገባዋል።