አንጓ የሚያውቅ እጅ

በአዲስ አበባ በየሳሎኑ ከመደርደሪያ ላይ ቁልቁል የሚወርደው፣ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ቢጫ የተረጨበት ሐረግ ፖቶስ ይባላል። አገሩ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው የሞኦሪያ ደሴት ናት። ለማበብ የሚያስፈልገው ጅበረሊን የተባለ ሆርሞን ስለሚያንሰው፣ ቤት ውስጥ አበባው አይታይም። አበባ ከሌለ ዘር የለም። በየቤቱ ያለው ፖቶስ እንግዲህ አንድ ሰው ከሌላ ሐረግ ላይ ቆርጦ ያቆመው ነው።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንዲት እናት ሲቆርጡ ማየት ደስ ይላል። ሐረጉን በግራ እጃቸው ያነሱና በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። የሚፈልጉት አንጓውን ነው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበት እብጠት ላይ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ቡናማ ጉጥ አለች፤ ሥር የምትሆነው እሷ ናት። ከአንጓው በታች ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉና ምላጩን አንዴ ብቻ ያሳርፋሉ። ግንዱ አይጨመቅም፣ ልጡም አይቦጨቅም፤ የተቀጠቀጠ ግንድ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳልና። አንዳንዱ ሰው ቅጠሉን ከነእጀታው ቀንጥሶ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ቅጠል ሥር ቢያወጣ እንኳ ቀንበጥ አይሰጥም፤ ቡቃያው ያለው አንጓው ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ምርጫቸው ነው። ቅጠሉ ያማረውን ሳይሆን ግንዱ ላይ ቢጫ መስመር የሚያልፍበትን አንጓ ይመርጣሉ። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያው አካል ስለሆነ፣ ቢጫውን ይዞ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የቀረው ትዕግሥት ነው። የተቆረጠው በግማሽ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ አንጓው ይጠልቃል፣ ቅጠሉ ግን ውሃ አይነካውም። ብርሃን ያገኛል፣ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። ውሃው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረለት በሁለት ሦስት ሳምንት ነጫጭ ሥሮች ይታያሉ፤ ትንሽ ሲረዝሙ ወደ አፈር ይገባል።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ቁልቁል እናንጠለጥለዋለን። እኚህ እናት ልጡ ያልተላጠ ሻካራ እንጨት ማሰሮው ውስጥ ይተክሉና፣ ጉጦቹ እንጨቱን እንዲነኩ ሐረጉን አዙረው በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገው ያስሩታል። ጨርቁ የሚያርፈው በሁለት አንጓ መካከል ነው፤ ሥሩም ቡቃያውም አይታፈንም። ፖቶስ ሽቅብ ሲወጣ ነው ቅጠሉ የሚሰፋው። ጫካ ውስጥ ዛፍ ይዞ እስከ 20 ሜትር ሲወጣ ቅጠሉ አንድ ሜትር ሊደርስ፣ ጠርዙም ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ማሰሮ ውስጥ ያን ያህል ባይሆንም፣ እንጨቱን የያዘው ሐረግ ላይ ያለው እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ከታችኛው ሰፋ ብሎ ይወጣል።