ካርድ ተለዋውጠን ተለያየን

ማኅበር ለአገራችን ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የሠርግ ቤት ሽንኩርት መክተፉ ሳይቀር በተራና በደንብ የሚሠራ ነው። ማን ምን ይዛ እንደመጣች፣ ማን ሳትመጣ እንደቀረች ይታወቃል። በዚህ ውስጥ ያደገችን ሴት «ኔትዎርኪንግ የሚባል ነገር አለ፤ እናስተምርሽ» ብሎ ሆቴል አዳራሽ መጥራት መቼም ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ስንጠራ እንሄዳለን። እኔም እሄዳለሁ። ከዚህ ዓምድ ሌላ እንጀራዬ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው፤ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ በራሪ ወረቀት፣ የቢሮ ቅጻቅጽ። እንዲህ ላለው ሥራ ሰው ማወቅ ከማሽኑ አይተናነስም። በዚያ ላይ በየስብሰባው የሚታደለውን ቢዝነስ ካርድ ከሚያትሙት አንዷ ነኝና፣ ከነዚህ ስብሰባዎች የተጠቀመ አለ ወይ ቢባል ቢያንስ ማተሚያ ቤቱ ተጠቅሟል።

ሥርዓቱን የተካፈለች ታውቀዋለች። ጥሪው «ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30» ይላል። ሱቅ ያላት ሴት ማክሰኞ ጠዋት ሱቋን ለማን ትታ እንደምትመጣ የጠየቀ የለም፤ ሠራተኛ ያላት ለሠራተኛዋ ትታ፣ የሌላት ዘግታ ትመጣለች። የክብር እንግዳው እስኪደርሱ 4 ሰዓት ይሆናል። ሲደርሱ ሴቶች የኅብረተሰቡ ግማሽ መሆናቸውን ይነግሩናል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ይወጣሉ። ልብ በሉ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ግብሩ፣ ስለ መሸጫ ቦታው፣ ስለ ጨረታው ብንጠይቅ ሊመልስልን የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

የቀረው ሰዓት ለአነቃቂ ንግግር ነው። «ትችያለሽ!» ይላል ተናጋሪው፤ እኛም ተነሥተን «እችላለሁ!» እንላለን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የጣደች፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሁለት ሚኒባስ ቀያይራ የመጣች ሴት እንደምትችል እኮ ማንም ሊነግራት አይገባም። እሷ የምትፈልገው እንጀራዋን የሚረከብ የሠራተኞች ክበብ የት እንዳለና እዚያ ማንን ማነጋገር እንዳለባት ነው።

ከዚያ ካርድ መለዋወጡ ይመጣል። በአንዱ ቀን የሰበሰብኩትን ካርድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየሁት። 34 ነበር። ባልትና፣ ልብስ ስፌት፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የውበት ሳሎን፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ዲኮር፣ እንደገና ባልትና። ሁላችንም ሻጮች ነን። ገዢ ያልወጣበት የቅዳሜ ገበያ ማለት ነው። እርስ በርስ ልንገዛዛ ብንሞክር ደግሞ «ለእህትሽ ቅናሽ የለም እንዴ?» ይመጣል፤ ይሄ የእህትነት ቅናሽ የሚባለው ነገር ስንቱን ሱቅ እንዳዘጋ አንድዬ ይወቀው።

የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ይናገራል። በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን «ስለ ሥራው የነገረህን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኘው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት ከ6 አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። የሚበዙት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፣ አዲስ ወሬ ያለው ሌላ ሰፈር የሚውለው ሰው ዘንድ ነው። (ምሁሩ የጠየቃቸው ወንዶችን ነበር፤ ይኼም የራሱ ወሬ አለው።)

በዚህ መነጽር ዕቁባችንን እንየው። ዕቁብ የሚሠራው ሰዎቹ ስለሚተዋወቁ ብቻ አይደለም፤ ግዴታ ስላለበት ነው። ዕጣ የወጣላት ሴት ዋስ ሳታቀርብ ብሩን አትወስድም። ዋሷም ስሟን ብቻ ሳይሆን ኪሷን ነው የምታስይዘው። አንዷ ብትቸገር ዕጣ ቀድሞ ይሰጣታል፣ ሌላዋ ብትቸኩል ከባለ ዕጣዋ ትገዛለች። ያለ ባንክና ያለ ጠበቃ ስንት የንግድ ቤት የቆመው በዚህ ነው። ዕቁብ ገንዘብ ይሰጣል፤ ገበያ ግን አይሰጥም። የዕቁቤ ሴቶች የሚያውቁትን ደንበኛ ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ። አዲሱ ዓይነት ማኅበር ሊሞላ የሚገባው ይህን ጉድለት ነበር። እሱ ግን የዕቁቡን ግዴታ አውልቆ ጥሎ፣ አዲስ ሰው ሳያመጣ፣ ሁለቱንም ሳይሆን ቀረ። ዓመታዊ መዋጮ የከፈለች አባል ለሌላዋ ያለባት ግዴታ ምንድን ነው? የቴሌግራም ግሩፑ ላይ «መልካም በዓል» ማለት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች አነስ ያለ ግዢ ሲፈጽሙ ከሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ያሰባስባሉ፤ ፕሮፎርማ የምንለው። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ዓላማው ማወዳደር ነው። ስልኬ ላይ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «እህቴ፣ አንድ ፕሮፎርማ ሙይልኝ፤ ዋጋዋን ትንሽ ከፍ አድርገሽ።» ማለት አሸናፊው ታውቋል፣ ሁለተኛውም ተገኝቷል፣ የጎደለው ሦስተኛው ወረቀት ነው። አልሰጥም ስል «ኧረ ምን አለበት፣ ወረቀት እኮ ነው» ይሉኛል። ወረቀት መሆኑን እኔስ መች አጣሁት።

ታዲያ አሸናፊው የታወቀው የት ነው? ሁልጊዜ በጉቦ ነው ብል ዋሾ እሆናለሁ። ብዙው ከዚያ ይቀላል፤ ከሥራ መልስ አንድ ቁርጥ ቤት፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ «እኛ ጋ እኮ በሚቀጥለው ወር የኅትመት ሥራ ሊወጣ ነው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር። ይህች ዐረፍተ ነገር ወንጀል አይደለችም። የሰማት ግን ወረቀቱን በደህናው ዋጋ ቀድሞ ይገዛል፣ ናሙናውን ያዘጋጃል፣ ጨረታው ሲወጣ የሚጠብቀው እሱ ነው። ያልሰማችው ማስታወቂያውን አንብባ ስትሮጥ አራት ቀን ቀርቷታል።

ሴቲቱም ትሂድ ይባል ይሆናል። ትሂድ፤ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቤት የምትጠበቀው እሷ ናት፣ ትራንስፖርቱም ጣጣ ነው። ሁሉም ቢሟላላት ደግሞ ከግዢ ኃላፊው ጋር ቢራ የጠጣ ወንድ «ሰው አዋቂ» ሲባል እሷ ምን እንደምትባል አንባቢ ያውቃል፤ አልጽፈውም። «እራት ጋብዤሽ እንነጋገርበት» ተብላ ሥራውን ትታ የመጣች ልብስ ሰፊ አውቃለሁ። ሥራው 200 የደንብ ልብስ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሮተሪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ሲመሠረት አንዱ ሐሳቡ በተለያየ ሙያ ያሉ ሰዎች እየተገናኙ እንዲረዳዱ ነበር፤ ሰዎች ማለት ወንዶች ነበሩ። በካሊፎርኒያ የዱዋርቴ ከተማ ክለብ በ1977 ሦስት ሴቶችን አባል ቢያደርግ ከዓለም አቀፉ ማኅበር ተሰረዘ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 ለዱዋርቴ ክለብ ተፈረደ፤ ፍርድ ቤቱም ሴቶች ከወንዶች እኩል ሊያገኟቸው ከሚገቡት ነገሮች መካከል የንግድ ትውውቅን ስሙን ጠርቶ ጠቀሰ። እዚያ ማግለያው በደንብ ስለተጻፈ መክሰስ ተቻለ። እኛ ዘንድም በጽሑፍ የነበረው ተነሥቷል፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎቹን እኩል አድርጓል። የቁርጥ ቤቱ ጠረጴዛ ግን ደንብ የለውም። ማንም ሴት አትምጣ አላለም። ማንን ትከሻለሽ?

እንግዲህ የሴቶች ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር በቀን ብርሃን፣ በሻይ ሰዓት፣ ማንንም ሴት ሳያስነቅፍ እንድትሰማ ማድረግ። ከክብር እንግዳው ይልቅ የሆስፒታሉ፣ የዩኒቨርሲቲው፣ የሆቴሉ ግዢ ኃላፊዎች ተጠርተው «በዚህ ዓመት የምንገዛው ይህን ነው፣ መሥፈርታችንም ይህ ነው» ቢሉን የአዳራሹ ኪራይ አያስቆጭም። ሴቶች ተሰብስበው ቁም ነገር አይሠሩም የሚለውንም አልቀበልም። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የ11 ሴቶች መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክትም 50 ሚሊዮን ዶላር ይዞ፣ ለቡድን ብድር ለበዛችው ለባንክ ደግሞ ላነሰችው ሴት ነበር የመጣው። ሁለቱም ግን የገንዘቡን በር ነው የነኩት። የገበያውን በር ልንነካ የምንችለው እኛው ነን፤ ያለንበት ማኅበር ደግሞ ፎቶ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመታዊ ጉባኤያችን ሪፖርት ቀረበ። የተሰጡ ሥልጠናዎች፣ የተሳታፊዎች ቁጥር፣ የልምድ ልውውጥ ጉዞ፣ የማርች 8 ቲሸርት። እጄን አውጥቼ «ከአባሎቻችን ማን ለማን ምን ሸጠች? በማኅበሩ በኩል የተገኘ ውል ስንት ነው?» አልኩ። ሰብሳቢዋ፣ ጨዋ ሴት ናቸው፣ «ጥሩ አስተያየት ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አሉኝ። እንደ ግብዓት የተወሰደ ነገር የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት የቆዳ ቦርሳ ሠሪ ግን ሲገባ ለሁላችንም የታደለውን ቦርሳ ከፍ አድርጋ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄስ ከየት ነው የተገዛው?» ብላ ጠየቀች። ውስጡ ያለው ምልክት ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ አምስት ቦርሳ ሠሪዎች ነበርን፤ ነበሩ ማለቴ ነው፣ እኔስ ማተሚያ ነኝ።

ጉምጉምታው ሻይ አስረሳን። የዘንድሮው 120 ቦርሳ ከአባላት እንዲገዛ በእጅ ብልጫ ተወሰነ። ሥራው ለሦስት ሴቶች 40 40 ተከፋፈለ። ያቺ የጠየቀችው ለቆዳውና ለዚፑ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ብትል ገንዘብ ያዧ «ደንባችን አይፈቅድም» አለቻት። ሰፈሯ ያሉት የዕቁቧ ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ ተራቸውን ለቀው ዕጣውን አስቀደሙላት፣ አንዷም ዋስ ሆነች። ቦርሳዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ደርሰዋል። የኔን ይዤው እወጣለሁ፤ ዚፑ ጠንካራ ነው፣ ማንጠልጠያው ብቻ ትንሽ ያጥራል፤ ነግሬያታለሁ።