በእንግሊዝ አገር ድንገተኛ ክፍሎች ስላለው የአራት ሰዓት ወሰን

ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ነገር ይሻል፤ ፈጥኖ መታየትንና ከታየ በኋላ አለመረሳትን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው፥ የእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎት ለመጀመሪያው ሲደክም ሁለተኛውን ከመለኪያው ውጭ እንደ ተወው ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ፥ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ሁሉ ከአራት ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ታክሞ እንዲሰናበት፥ ወይም እንዲተኛ፥ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲተላለፍ ወሰነ። ቀጥሎም ግቡ ከመቶ 98 ሕመምተኞች እንዲሆን ተደረገ፤ በ2010 ወደ 95 ዝቅ አለ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይደረስበት ቀርቷል።

ደንቡን በጅምላ ማውገዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ረጅሙን ጥበቃ በእርግጥ አሳጥሯል። ነገር ግን ደንቡ የሚለካው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። አጥኚዎች መዝገቦቹን ሲመረምሩ፥ አራቱ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከክፍሉ የሚወጡት ሰዎች ቍጥር በድንገት ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ሕመም ሰዓት ቈጥሮ አይሻልም፤ ያ ጥድፊያ የደንቡ እንጂ የበሽታው አይደለም። ስለ ስታፎርድ ሆስፒታል በደል ሮበርት ፍራንሲስ በ2013 ያቀረቡት የምርመራ ሪፖርትም፥ ግብን መምታት ከሕመምተኛው እንክብካቤ መቅደሙን ገልጿል።

ዋናው ጕድለት ግን በመካከሉ ባለው ጊዜ ነው። በማንችስተር የመለያ ዘዴ መሠረት ነርሷ ሕመምተኞችን በአምስት ቀለም ትለያለች፤ ቀዩ ወዲያውኑ፥ ብርቱካናማው በ10፥ ቢጫው በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲታይ ይጠበቃል። ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆነው ለተሰጠበት ደቂቃ ነው። ቢጫ የተሰጠው አንድ ሰው ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶ በ40ኛው ደቂቃ ትንፋሹ ቢፈጥን፥ የደም ግፊቱም ቢወርድ፥ ተመልሶ የሚያየው ከሌለ በወረቀቱ ላይ ያው ቢጫ ነው። ማቃሰቱን ትቶ ዝም ሲልም ተኛ ይባላል።

መድኃኒቱ አልጠፋም። የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ አተነፋፈስን፥ ኦክስጅንን፥ የደም ግፊትን፥ የልብ ትርታን፥ ንቃተ ኅሊናንና ሙቀትን ይመዝናል። ነጥቡ 5 የደረሰ ቢያንስ በየሰዓቱ፥ 7 የደረሰም ያለማቋረጥ እንዲታይ ያዛል። ሆስፒታሎች የሚመሰገኑበትና የሚወቀሱበት የአራት ሰዓት ቍጥር ግን፥ ይህ ትእዛዝ መፈጸሙን አይጠይቅም።

የነርስ እጥረት እያለ ሌላ መለኪያ መጨመር ሸክም ነው የሚል ይኖራል። መልሳችን እንዲህ ነው፤ መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሠራተኛ ስንፍና ሳይሆን፥ የመኝታ ክፍሎች አልጋ ሞልቶ ሕመምተኛው መሄጃ በማጣቱ ነው። እንግዲህ አልጋ ባይገኝለት እንኳ ዓይን ሊነፈገው አይገባም። በአገራችንም መለኪያ የሚያወጣ ሁሉ፥ ሕመምተኛው መቼ ወጣ ከማለቱ በፊት፥ ሲጠብቅ ስንት ጊዜ ታየ ብሎ ይጠይቅ እንላለን።