«ፍቅር እስከ መቃብር» በየዕድሜው

የንባብ ፍላጎት ከዕድሜ ጋር ይለወጣል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከቀላል መጽሐፍ ወደ ከባድ መሸጋገር ነው፤ ከተረት ወደ ፍቅር ታሪክ፣ ከፍቅር ታሪክ ወደ ፍልስፍና። የአማርኛ አንባቢ ልምድ ሌላም ነገር ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎች በወጣትነታቸው አንብበውታል፤ ጎልምሰውም ተመልሰውበታል። መጽሐፉ ያው ነው። የሚለወጠው አንባቢው ከማን ጎን ቆሞ እንደሚያነብ ነው።

የ15 ዓመት ልጅ የሚከተለው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። የባላገሩንና የባላባቱን ጠብ፣ የጉዱ ካሳን ረጅም ንግግር፣ ፍቅረኞቹ ጋ ቶሎ ለመድረስ ገጽ እየዘለለ ያልፈዋል። በ20ዎቹ ዕድሜው ደግሞ ያ የተዘለለው ገጽ ይጥመዋል፤ ጉዱ ካሳ ያስቀዋል፣ ያስቆጨዋል፤ ፊታውራሪ መሸሻም ከአንድ ትዕቢተኛ አባትነት አልፈው የአንድ ሥርዓት መልክ ይሆኑበታል። ወልዶ ያሳደገ አንባቢ ሲመለስበት ግን ዓይኑ የሚያርፈው በቦጋለና በውድነሽ ላይ ነው፤ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተስለው፣ ሳይጠይቁት ዕጣውን በቆረጡለት ወላጆች ላይ።

ይህ የመጨረሻው ንባብ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ የተለየ ክብደት አለው። ለልጁ ብሎ አገሩን ለቆ የመጣ፣ በልቡም «ሐኪም ይሁንልኝ» ብሎ የተሳለ ሰው ቦጋለን ሳያውቀው አይቀርም። ልጁም በዛብህን ቢያውቀው ስንት የሚነጋገሩበት ነገር ባገኙ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ መጽሐፉን አላነበበውም።

በእንግሊዝኛ መንገዱ የተጠረገ ነው። የከተማዋ ሜሪ ራይሊ ስታይልስ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናቱን፣ የወጣቶቹንና የአዋቂዎቹን መጽሐፍ ለይቶ ያቀርባል፤ ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ እግር ይሄዳል። በአማርኛ ግን ከፊደል ገበታ ቀጥሎ የሚሰጠው ወላጁ በ50 ዓመቱ የሚያደንቀው መጽሐፍ ነው፣ «ባህልህን እወቅበት» ከሚል ምክር ጋር። ወላጁ ራሱ ግን በልጅነቱ መጽሐፉን ያነሣው ባህል ሊማርበት አልነበረም፤ ሰብለን ፈልጎ ነው።

አገር ቤት በመካከል ብዙ መወጣጫ ነበር፤ በትምህርት ቤት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የፍቅርና የስለላ ልብ ወለዶች፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ደግሞ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ። ይህ የመጨረሻው ለፎልስ ቸርቹ ልጅ ሳይስማማው አይቀርም። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ፣ ንግግሩን ግን አጣርቶ የሚሰማ ልጅ በጆሮው ቢጀምር የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ከእሱ በፊት ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው በዛብህን ያወቀው በዚያው በር ገብቶ ነው።

በዛብህን አስቀድሞ ያልወደደ ሰው ቦጋለን ኋላ ቢያገኘው የሚያገኘው እንደ ትምህርት እንጂ እንደ ትዝታ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ምክሩን ትቶ ፍቅሩን ብቻ ቢከተል፣ የጉዱ ካሳንም ንግግር ቢዘልለው፣ ይተውት። የዘለለውን ፍለጋ የሚመለስበት ዕድሜ አለው።