የተማሪ ሥራ በ150 ፊደል፤ ስለ አሜሪካን ኮሌጆች የማመልከቻ ቅጽ የቀረበ ትችት

ትችት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በልብ ወለድ መጽሐፍ ወይም በቲያትር ላይ የሚጻፈው ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ግን አንድ ቅጽ ነው። ይኸውም በአሜሪካን አገር «ኮመን አፕሊኬሽን» ወይም የጋራ ማመልከቻ የሚባለው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1975 በ15 ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,000 የሚበልጡ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ወጣቶች ይሞሉታል፤ ከአገራችን ወደዚያ ለመማር ከሚያመለክቱትም ብዙዎቹ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው ካነበበውና ኑሮውንም እንደ ቃሉ ካስተካከለለት መተቸት የሚገባው ይመስለኛል።

ከቅጹ ውስጥ የምመለከተው ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ከክፍል ውጭ ያደረገውን የሚጠይቀውን ክፍል ብቻ ነው። ለዚህ 10 ቦታ ተሰጥቷል። በያንዳንዱ ቦታ ለተማሪው ኀላፊነት 50 ፊደል፥ ለማኅበሩ ስም 100፥ ሥራውን ለመግለጽ 150 ፊደል ተፈቅዷል፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቈጠራል። ከዚህ ሌላ በሳምንት ስንት ሰዓት፥ በዓመት ስንት ሳምንት ተብሎ ይጠየቃል። (በኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ 150 ሰፊ ሜዳ ነበር፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይሄዳልና። ዳሩ ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።)

በ150 ፊደል ስለ ሰው ምን ይነገራል? የሚነገረው ማዕርግ ነው። ሊቀመንበር፥ መሥራች፥ የቡድን አለቃ የሚሉት ቃላት አጭር ሆነው ብዙ የሚያሳዩ ስለ ሆኑ ቅጹ ይወዳቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ በመዘምራኑ ሁለተኛ ረድፍ ቆሞ ሳይቀር የዘመረ ልጅ ግን የሚጽፈው ስም የለውም። ስለዚህ ቅጹ የሆነውን ነገር የሚቀበል ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት የሚሆነውንም የሚያዝ ነው። የ15 ዓመት ልጅ የትኛው ማኅበር እንደሚያስደስተው መጠየቁን ትቶ የትኛው እንደሚያስገባው ይጠይቃል። ማኅበሩም ይጐዳል፤ ሁሉ መሥራች ከሆነ አባል የሚሆነው ማን ነው? እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ አትክልት እናጠጣ፥ የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ እናስተካክል ነበር፤ የትኛው እንደሚጠቅመን የጠየቀን አልነበረም። በግዴታ ስለ ነበረ ግን ምስጋና የሚገባን አይመስለኝም።

የዚህ ጥያቄ ትውልድ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል። የሶሲዮሎጂ ሊቁ ጀሮም ካራቤል በ2005 ባሳተሙት ጥናት በሰፊው እንዳስረዱት፥ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከሃርቫርድ ተማሮች አምስተኛው እጅ ያህል አይሁዶች ነበሩ፤ የገቡትም በፈተና ነጥባቸው ነው። በ1922 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አቦት ሎውረንስ ሎዌል ቁጥራቸው በግልጽ እንዲወሰን አሳብ አቀረቡ። መምህራኑ ግልጹን ወሰን አልተቀበሉትም። በ1926 ግን የሚገባው ተማሪ ቁጥር ተወስኖ ከነጥብ ጋራ «ጠባይ» እንዲመዘን ተደረገ፤ የአይሁዶቹም ቁጥር ዝቅ አለ። እንግዲህ ተማሪውን በሙሉነቱ እንመዝነው የሚለው ያማረ ቃል ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ፥ በትምህርቱ የበረታውን የስደተኛ ልጅ በር ላይ ለማስቀረት ነበር።

ያ ያለፈ ነው ይባል ይሆናል። አዎን፥ የዛሬዎቹ መርማሪዎች ያን አሳብ የያዙ ናቸው ለማለት አልደፍርም። የሆነ ሆኖ ራጅ ቼቲ፥ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት በ2023 ባወጡት ጥናት፥ ከመቶው አንድ እጅ ከሆኑት ባለጠጎች ቤት የመጣ ልጅ ከመካከለኛ ኑሮ ከመጣው ጋራ የፈተና ነጥቡ እኩል ሆኖ ሳለ፥ ወደ ዝነኞቹ ኮሌጆች የመግባት ዕድሉ ከዕጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ለዚህ ከሰጧቸው ሦስት ምክንያቶች አንዱ ከትምህርት ውጭ ላለው ነገር የሚሰጠው ነጥብ ነው። እንዲያውም ይህ ነጥብ ተማሪው በኋላ በሥራ የሚደርስበትን አይተነብይም፤ የትምህርቱ ነጥብ ግን ይተነብያል። በ2019 የተገለጠው የዊልያም ሲንገር ወንጀል ደግሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው የወሰደ ነው። ሰውየው ከወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ፥ ስፖርቱን የማያውቁትን ልጆች ስፖርተኞች ናቸው እያለ ያስገባ ነበር። በ2023 የሦስት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቅጹ ይቅር የምል የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን እንደዚያ አልልም። በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ዋናው ነገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ በ2022 ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 3.3፥ በ2023 ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ፈተናው አባትህ ምን አለው ብሎ አይጠይቅም፤ ይህ ክብሩ ነው። ነገር ግን ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረውንም፥ ውሃ ቀድቶ የሚያጠናውንም አያውቅም።

የአሜሪካኑ ቅጽ ይህን ለማወቅ የሚያስችል በር አለው፤ ከሚመረጡት የተግባር ዓይነቶች መካከል «የቤተ ሰብ ኀላፊነት» እና «የደመወዝ ሥራ» የሚሉ ይገኛሉ። በ2016 ከሃርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ የወጣ አንድ ሪፖርትም ኮሌጆች እንዲህ ያለውን አገልግሎት እንዲያከብሩ፥ ተማሪውም ከሁለት ወይም ከሦስት ተግባር በላይ ለመጻፍ እንዳይገደድ መክሯል። በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች ከዚህ የሚያስገቡት ብዙ አላቸው። እናት የሌሊት ሥራ ስትሄድ ታናናሾችን የሚያስተኛ፥ በሐኪም ቤት ለአያቱ የሚያስተረጕም፥ ቅዳሜ በአጐቱ ሱቅ የሚቆም አለ። ዳሩ ግን ይህ በቤታችን ግዴታ እንጂ ሥራ ተብሎ ስለማይጠራ፥ ልጁ ቦታውን ባዶ ትቶ በማይወደው ክበብ ስም ይሞላዋል ብዬ እፈራለሁ። ወላጆችና መምህራን ሊነግሩት የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ስለዚህ የኔ አሳብ 10ሩ ቦታ ወደ አራት ዝቅ ይበል ነው፤ የራሱ ማመልከቻ ያለው ኤም አይ ቲ የሚጠይቀው አራት ብቻ ነው፤ ሰነፍ ተማሪም አልበዛበትም። ለመግለጫው የሚሰጠው ፊደል በዚያው ልክ ይጨመር። የሰዓቱ ዓምድ ግን እንዳለ ይቆይ፤ በሳምንት 20 ሰዓት ወንድሟን የምትጠብቅ ልጅ በሳምንት 1 ሰዓት ሊቀመንበር ከሆነው ልጅ ጋራ በግልጽ የምትነጻጸርበት ቦታ እሱ ብቻ ነውና።