ማሞቂያው ሲጠፋ

ልምድ ያለው ባለሙያ የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ሲመጣለት ክዳኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ሞስፌት የተባለውን ትራንዚስተር ሳይሆን ሽቦዎቹን ነው። ወደ ማሞቂያው ሄደው የሚመለሱት ሁለቱ ገመዶች አንድ ላይ ተገምደዋል ወይስ በየፊናቸው ተበትነዋል? ሞስፌት ገዳዩ የቮልቴጅ ዝላይ የሚወለደው እዚያ ነው።

ብዙ ሠሪዎች «ማሞቂያ እንደ ሞተር ኢንዳክታንስ የለውም» ብለው መከላከያውን ዳዮድ ይተዉታል። ሒሳቡ ግን አይምርም። በ24 ቮልት የሚሠራ የ240 ዋት ማሞቂያ 10 አምፒር ይስባል። የገመዱ ኢንዳክታንስ 1 ማይክሮሄንሪ ብቻ ይሁን፤ ለዚህ አንድ ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል። ያ ከረንት በ100 ናኖሰከንድ ሲቋረጥ 100 ቮልት ይፈጥራል፤ ከ24ቱ ጋር 124 ሆኖ ሞስፌቱ ላይ ያርፋል። የታወቀው አይአርኤፍዜድ44ኤን የሚችለው ደግሞ 55 ቮልት ነው።

ያንኑ 10 አምፒር በ1 ማይክሮሰከንድ ቢያጠፉት ጭማሪው ወደ 10 ቮልት ይወርዳል።

ጌቱ ፊት የተቀመጠች፣ ማጥፋቱን የምታዘገይ አንዲት ሬዚስተር ታዲያ የሠሪውን ብስለት ትናገራለች። የማሞቂያ ብረት ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ማብራትና ማጥፋት ይበቃዋል። ሲጠፋ ዝግ ማለቱ ትራንዚስተሩን በትንሹ ቢያሞቀውም በዚህ ፍጥነት ጉዳቱ ከቁም ነገር አይገባም።

ቀጥሎ የሚፈተነው የዳዮዱ ቦታ ነው። ማሞቂያው ጫፍ ላይ ከተበየደ መሐል ያለውን ገመድ አይጠብቅም፤ ቦርዱ ላይ፣ ገመዱ ከሚታሰርበት ጥግ መሆን አለበት። ጥሩውና መካከለኛው ሥራ የሚለያዩት ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዳዮዱ ዝላዩን ወደ ፖዘቲቩ መስመር ይመራዋል፤ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ገመድም የራሱ ኢንዳክታንስ ስላለው መስመሩ ራሱ ሽቅብ ይዘላል። ይህን የሚውጠው ከፖዘቲቩ ወደ ሞስፌቱ ሶርስ የተዘረጋ ካፓሲተር ነው፤ እግሮቹ አጥረው ትራንዚስተሩ አጠገብ ሲቀመጥ። ዳዮድ አስገብቶ ካፓሲተሩን የረሳ ሠሪ ትራንዚስተሩ ለምን እንደሚቃጠልበት ግራ ይገባዋል።

ፍርዱን የሚሰጠው ኦሲሎስኮፕ ነው። የመለኪያው የግራውንድ ሽቦ ረጅም ከሆነ ራሱ የሌለ ዝላይ ስለሚያሳይ አጭር መሆን አለበት። 55 ቮልት የሚችል ሞስፌት ድሬይን ላይ የሚታየው ዝላይ በሙሉ ጭነት ከ40 ቮልት ካላለፈ ሥራው የሚያስመሰግን ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሞስፌት ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል፤ ማሞቂያውም ሳይጠፋ ይነድዳል። ለምሳሌ የዶሮ እንቁላል ማስፈልፈያ 37.5 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ጽንሶቹ ያልቃሉ። ስለዚህ ባለሙያው ቦርዱን አስቀምጦ እጁን ወደ ማሞቂያው ይሰድና በሙቀት የሚቆረጠውን ፊውዝ ይፈልጋል፤ ማሞቂያው አካል ላይ በጥብቅ የታሰረ፣ ከመቆጣጠሪያው ምንም ትእዛዝ የማይጠብቅ።