የካሩናኒዲ ብዕር፦ ከፊልም ችሎት እስከ ምክር ቤት

የሕንድ ፊልም ሲባል የአገራችን ተመልካች ቶሎ የሚያስታውሰው ዘፈንና ጭፈራ የማይለየውን የቦምቤ ሥራ ነው። በደቡባዊቷ ታሚል ናዱ ግን ፊልም የፓርቲ መድረክ ሆኖ አደገ። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ካላቸው አንዱ ሙቱቬል ካሩናኒዲ (እ.ኤ.አ. 1924–2018) ናቸው፤ ክፍለ ግዛቱን አምስት ጊዜ በዋና ሚኒስትርነት የመሩ የፊልም ጸሐፊ።

ብዙዎች ለሥልጣን ያበቃቸው ሲኒማ ነው ይላሉ። በእኔ ግምት ግን ያበቃቸው አንደበታቸው ነው፤ ካሜራው ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ንግግራቸውን አደረሰላቸው። በ1952 የወጣው «ፓራሳክቲ» ጥሩ ማስረጃ ነው። ታሪኩ ከቀደመ ተውኔት የተወሰደ ሲሆን ቃለ ምልልሱን የጻፉት ካሩናኒዲ ናቸው። ከራንጉን የተመለሰው ጉናሴካራን አገሩ ገብቶ የሚያገኘው ረሃብና ንቀት ነው፤ መበለት እኅቱን መቅደስ ውስጥ ሊደፍር የሞከረውን ካህን ይመታና ችሎት ይቆማል። እዚያም ራሱን ከመከላከል ይልቅ ማኅበረሰቡን ይከስሳል፤ ጠቡ በመቅደስ ከለላ ከሚባልገው ጋር እንጂ ከመቅደሱ ጋር አለመሆኑን ያስረዳል። በዚህ ፊልም ብቅ ያለው ሲቫጂ ጋኔሳን በዚያ ረጅም ንግግር ዝነኛ ሆነ። ፊልሙ ይታገድ የሚል ጩኸትም ተነሣ።

በሲኒማ ጥበብ ከመዘንነው ችሎቱ ደካማ ነው፤ ድርጊቱ ይቆማል፣ ምስሉ ለቃሉ አጃቢ ይሆናል። ካሩናኒዲ ግን ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አልነበሩም። የጻፉት ለሚመርጥ ሕዝብ ነበርና! ፓርቲያቸው ዲ ኤም ኬ በ1967 ምርጫ አሸነፈ፤ መሪው አናዱራይ በ1969 ሲሞቱ ወንበሩን ካሩናኒዲ ያዙ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥታቸው በቤተ መቅደሶች ክህነት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን የሚያስቀር ሕግ አወጣ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1972 ውርሱ እንዲቀር የሚለውን ድንጋጌ አጸናው። በፊልም የተጀመረው ክስ በሕግ ቀጠለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዕራቸው የተሸነፈው በፊልም ፊት ነው። በ1950 በ«ማንትሪ ኩማሪ» ቃላቸውን የተናገረላቸው ተዋናይ ኤም ጂ ራማቻንድራን፣ በ1972 የፓርቲው ሒሳብ ይመርመር ብሎ ተባረረና የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። የድሆች አለኝታ ሆኖ በየፊልሙ የታየው ሰው በ1977 ምርጫውን አሸነፈ። ካሩናኒዲ ወደ ዋና ሚኒስትርነት የተመለሱት ተዋናዩ ከሞተ በኋላ፣ በ1989 ነው።

ስለ እሳቸው የሚጻፉ ውዳሴዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። የክህነትን ውርስ በሕግ ያስቀሩት ሰው ፓርቲያቸውን ለልጃቸው ለስታሊን አስረከቡ፤ ልጁም በ2021 የአባቱን ወንበር ያዘ። የ«ፓራሳክቲ» ጸሐፊ ይህን በሌላ ሰው ቢያዩት ኖሮ፣ ያንን ሰው ችሎት ፊት ባቆሙት ነበር።